በልጄ አፍ የተናገረችው ልጅ

አባቴ ልጄን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። እሷ ስትወለድ ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ አቅም አልነበረውም፤ ዳዴ ማለት ስትጀምር ያም ጠፋ። ስለዚህ ለእሱ የልጅ ልጁ ማለት ድምፅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ከጓደኞቿ ጋር እየተንጫጫች ስትመጣ፣ ሱቃችን ደጃፍ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ "መጣች፤ ዛሬ ደግሞ ጉሮሮዋን ብርድ መትቶታል" ይላል። እኔ ቀና ብዬ ሳይ የሚታየኝ የደንብ ልብስ የለበሰ የልጅ መንጋ ነው እንጂ የቷ የኔ እንደሆነች እንኳ አልለይም።

መቱ ውስጥ በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሁሉ በአንድ ክረምት በአባቴ መጋዘን የተቀረጸውን የቴሌቪዥን ድራማ ያስታውሰዋል። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ይነሳል። ሰዉ እየሳቀ ነው የሚያነሳው። እኔ ዝም እላለሁ። ድሮም ወሬ ስለማላበዛ ማንም ልብ አይለኝም።

ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መጋዘን ነበር። ሱቁ ውስጥ ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከኖፓ ለሚመጡ ሰዎች የሚሆን ገመድና ጆንያ እንሸጣለን። መጋዘኑ ድሮ ቡና ይከማችበት የነበረ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ቀና ሲሉ ቆርቆሮው ራቁቱን የሚታይ ሰፊ ቤት ነው። የአባቴ ዓይን ሲደክም ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት አንደኛ ክፍል የገባሁት ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ ነው። እየተውኩ እየቀጠልኩ፣ መሀል ላይ አግብቼ ወልጄ፣ ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትገባ እኔ የማታ ዘጠነኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ የኛ የሦስታችን ነበር ማለት ይቻላል። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ የተጻፈ ነገር ሲዛባ ያመኛል። ሰው ሲያወራም በልቤ አርማለሁ፤ አንዳንዴም በአፌ። እቤት ውስጥ "መምህሯ ተነሳች" ይሉኝ ነበር።

አባቴ ደግሞ የሬዲዮ ሰው ነው። ሬዲዮኑ ከጉልበቱ አይወርድም። ዜና አንባቢዎቹን እንደ ጎረቤት ያውቃቸዋል። "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቆሞ ነው የሚያነበው" ይላል። ወይም "ይቺ ሴትዮ ከቤቷ ተጣልታ ነው የወጣችው።" የተናጋሪውን ሰው እስከ ትንፋሹ የሚሰማ ጆሮ ነበረው፤ ሰፈሩም ይህን ያውቅለታል። የተበላሸ ወፍጮ ድምፅ እንዲሰማላቸው እጁን ይዘው የሚወስዱት ጊዜ ነበር።

የቴሌቪዥን ሰዎቹ ከአዲስ አበባ መጀመሪያ የመጡት በየካቲት፣ ፀሐዩ ግንባር በሚመታበት ወር ነው። ድራማው በአንዲት ትንሽ ከተማ ስላለ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ሽማግሌ ሠራተኛ ሲታመም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እየገቡ ሥርጭቱን ይቀጥላሉ፤ አንዱ የገበያ ዋጋ ይናገራል፣ አንዱ ዜና ይለቅማል፣ አንዲት ልጅ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ሁሉንም ትመራለች። ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነበር፤ እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለኛ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ቋንቋ ጀምረን በሌላው የምንጨርስ ሰዎች ነን።

ጣቢያ መስሎ የሚሠራ ሰፊ ቤት ሲያፈላልጉ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወደኛ መጋዘን አመጣቸው። ድምፅ የሚቀዳው ወጣት መሀል ላይ ቆሞ እጁን አጨበጨበና አዳመጠ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

"አባባ፣ እዚህ አካባቢ ጫጫታ አለ? መኪና፣ ወፍጮ፣ እንዲህ ያለ ነገር?"

"ወፍጮ ቤቱ ታች ነው። መኪናውም በዚያኛው በኩል ነው የሚዞረው" አለ አባቴ። "ከዚህ ጸጥ ያለ ቤት መቱ ውስጥ ካገኘህ መጥተህ ሰድበኝ።"

"የምንቀርጸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ በክረምት። በክረምትስ?"

"በክረምትማ ጭራሽ! ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ማን ይጮሃል?"

ርዕሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ከበሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ጎረቤቶችም "እውነቱን ነው" አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የተሳሳተ ነገር የተነገረ አልመሰለኝም። ድምፅ ቀጂው ሳቀና፣ "የእርስዎን ጆሮ ካላመንኩ የማንን አምናለሁ" አለ።

ይህን ስህተት እንደኛ ያለ የኢሉባቦር ሰው ብቻ ነው ሊሠራው የሚችለው። እኛ ዘንድ ዝናብ ድምፅ ያለው ነገር ተብሎ አይቆጠርም። ክፍል ውስጥ እያለን ሲጥል መምህሩ ንግግሩን ትቶ ጠመኔ ያነሳል፣ እኛ ደብተር እንገልጣለን፤ ሲያባራ ከቆመበት ይቀጥላል። ሱቅ ውስጥ ገዢና ሻጭ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጨዋወታሉ፤ እየጮሁ መሆናቸውን አያውቁትም። በዕድሜዬ "ዝናቡ ረበሸን" ያለ የአገሬ ሰው አልሰማሁም። ደግሞ ከጥቂት ወራት በቀር ዓመቱን ሙሉ እሱው ነው። አባቴ አልዋሸም። ጫጫታ ሲባል ሰውና መኪና ነው የመጣለት።

ድራማው ላይ የሚተውኑት የከተማችን ልጆች የተመረጡት በዚያው ሳምንት ነው። ተራ በተራ እያነበቡ፣ ድምፅ ቀጂው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የኔ ልጅ ስታነብ ገና ገጹን ሳትጨርስ እጁን አነሳ። "ይቺ።" ማይክሮፎኑ ፊት የምትቀመጠዋን ልጅ ቦታ አገኘች ማለት ነው።

አባቴ ጨው ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ተናገረ። "የልጅ ልጄ በሬዲዮ ልትናገር ነው።"

"በቴሌቪዥን ነው፣ አባ" አልኩት።

"ለኔ ያው ነው። ፊቷን እናንተ ታያላችሁ፤ ድምፁ የኔ ድርሻ ነው።"

ይህን ያለው እየቀለደ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚኖረው ለዚያ ቀን ሆነ። እኔም የተቻለኝን አደረግሁ። ልጄን ከፊቴ አቁሜ የተጻፈላትን በቃሏ አስጠናኋት። አንዲት ቃል ስትዘል ከመጀመሪያው አስጀምራታለሁ።

"እማ፣ ትርጉሙ አንድ ነው እኮ!"

"አንድ ከሆነ እንደተጻፈው በዪዋ።"

አባቴ ከወንበሩ ሆኖ "ተያት፣ ትንፋሿን ጨረስሽው" ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ተመልሰው መጡ። መጋዘኑን በጆንያና በእንቁላል ካርቶን ለበጡት፣ ጠረጴዛ አስገቡ፣ ከላዩ ማይክሮፎን አቆሙ፤ እውነተኛ ጣቢያ መሰለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ልጄ አፏን ስትከፍት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ጣራውን አየ። ጠበቁ። አባራ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና መጣ።

"ቀስ በዪ ቆንጆ፣ እየጮህሽ ነው" ይላታል።

"አልጮህኩም፣ እያወራሁ ነው!" ትለዋለች፤ እሷም እውነቷን ነው።

ጣራው ላይ ጆንያ ደረቡበት፣ ጆንያው ውሃ ጠጥቶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጎረቤታችን፣ ዳቦ የምትሸጠዋ እትዬ፣ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ "ዝናቡን ለምን አንዱን ልጅ አድርጋችሁ አታስገቡትም? እሱ እንደሆነ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው!" ብላ ሁሉንም አሳቀች። ድምፅ ቀጂው ብቻ አልሳቀም።

አባቴ በየመሀሉ ይጠይቀኛል። "ምን ሆኑ? ለምንድን ነው የሚያቆሙት?"

"ዝናቡ ነው፣ አባ።"

"ዝናቡ ምን አደረጋቸው?"

እንዴት እንደማስረዳው ጨነቀኝ። ራሴም የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ በዚያ ወጣት ፊት ላይ አይቼ። የሆነው ሆኖ ቀርጸው ጨረሱ። ድምፅ ቀጂው ሲሰናበተን "የሆነ ነገር እናደርገዋለን" አለኝ። ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅሁትም፤ እነሱ ያውቁበታል ብዬ።

የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቴሌቪዥኑን ከጓዳ አውጥተን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥነው። የአባቴ እህት ከኡካ መጣች። ዳቦ ሻጯ እትዬ ከነልጆቿ፣ መንገድ ላይ ያለፈውም ሁሉ ገባ። አባቴ ለጁምዓ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጆሮው ወደ ድምፁ በኩል እንዲሆን አዙሮ ተቀምጧል። ልጄ እግሩ ሥር ነበረች። "ዝም በሉ፣ ማንም እንዳይተነፍስ" አለ።

ሙዚቃው አለቀ። ልጄ በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ አለች፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አባቴ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች፣ አፏን ከፈተች።

የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም። ለስለስ ያለ፣ ቀጭን፣ ተስተካክሎ የተነጠፈ የሌላ ልጅ ድምፅ። ከንፈሩ የልጄ ነው። ቃሉ እኔ ያስጠናኋት ቃል ነው፤ አንድም አልጎደለም።

እንግዶቹ መጀመሪያ ልብ አላሉትም፤ ፊቷን እያዩ ነበራ። አባቴ ግን ጥቂት ከጠበቀ በኋላ፣ በትህትና፣ የሰው ጨዋታ እንዳያቋርጥ እንደሚፈራ ሰው፣ "የኛዋ መቼ ነው የምትገባው?" አለ።



"ይቺው ናት እኮ፣ አባባ" አለች ዳቦ ሻጯ። "ይኸው ፊት ለፊት ቁጭ ብላ! አበባ መስላ!"

"የምትናገረውስ ማን ናት?"

"እኔ ነኝ፣ አካኮ" አለች ልጄ ከእግሩ ሥር። አያቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "አንቺማ እዚህ ነሽ" አለ።

እህቱ ከኡካ ድረስ የመጣችበት ነገር ስላልገባት "ምንድን ነው የሚለው?" እያለች ሁሉንም ጠየቀች። 

ሰኞ ዕለት ድምፅ ቀጂው ትቶልን ወደ ሄደው ስልክ ደወልኩ። አልሸሸም፤ በደንብ አስረዳኝ። ድምፁ ሁሉ ዝናብ ሆኖባቸው፣ ልጆቹን መልሶ ለማስመጣት ደግሞ አቅሙም ጊዜውም ስላልነበራቸው፣ እዚያው አዲስ አበባ ባሉ ልጆች ድምፅ ለወጡት። "እትዬ፣ የልጅዎን ክፍል ግን ስንሠራ እንዴት እንደቀለለን!" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። "ከጽሑፉ አንዲት ቃል አላዛባችም። ከንፈሯ ላይ ልክክ አለ።"

"ዋናውን ላኩልን" አልኩት። "ዝናብም ቢኖርበት።"

"አልተቀመጠም፣ እትዬ። ምን ያደርጋል ብለን..."

ለአባቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሬዲዮኑን ዘግቶ ሰማኝ።

"ከዝናብ ውስጥ እለያት ነበር" አለ። "ክረምት በመጣ ቁጥር የምለያት ከየት ውስጥ ነው?"

ከዚያ የሬዲዮኑን መክፈቻ በጣቱ እየዳበሰ፣ "እኔ ነኝ አይደል? በክረምትማ ጭራሽ ያልኩት?"

"ሁላችንም ነን፣ አባ።"

"የጠየቀው እኔን ነው" አለ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጄ መላ ፈጠረች። የቴሌቪዥኗ ልጅ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር፣ ጆሮው ሥር ሆና ያንኑ በራሷ ድምፅ ትደግምለታለች። አባቴ ይስቃል፣ "ጋሪዳ፣ ጋሪዳ፤ ጎበዝ" ይላል። ግን አልሆነም። አንዱን ስትደግም ሌላው ያልፋታል፤ ሁለቱ ድምፆች ይጠላለፋሉ፤ የሚያዩት ልጆች ደግሞ የራሷን ፊት እያዩ "አትረብሺን!" ይሏታል። ሦስተኛው ላይ ተወችው። ከዚያ ቅዳሜ ሲደርስ ውጭ ገመድ ለመዝለል መውጣት ጀመረች።

አባቴ ግን ማዳመጡን አልተወም። ዳቦ ሻጯ አዝናለት፣ "ይዝጉት ባክዎ፣ ምን ያደርግልዎታል?" ስትለው፣ "ልጅቷ ምን አጠፋች?" አላት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል፤ የተቀጣ ሰው ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ግን ያች ልጅ እንደ ዜና አንባቢዎቹ የሚያውቃት ሰው ሆነች። "ይቺ ልጅ ዝናብ አታውቅም፤ በከንፈሯ ብቻ ነው የምታወራው" ይላል። "ዛሬ አጠገቧ የሚቆጣት ሰው ቆሟል፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ምን አለ ቢተዋት?" አንድ ቀን ሳል ሲይዛት "ማር በሎሚ የሚሰጣት ሰው የላትም?" ብሎ አሳቀን።

ልጄ አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ ነበር።

እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማረችውን ጮክ ብላ ታነብለት ነበር፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው ያደገችው። እያደር ማንበቡን አሳጠረችው። የቤት ሥራ በዛብኝ ትላለች፣ አሞኛል ትላለች። "አካኮ የሚወደው የቴሌቪዥኗን ልጅ ነው" አለችኝ ማዕድ ቤት። "የሚያውቃት እኮ መስሎት ነው።" አባቴን ነገርኩት። "ልጅ ናት፤ ይለፍላታል" አለ። እኔም ይለፍላታል ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ሱቁ ውስጥ ከኛ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ድራማው ላይ ሽማግሌው ሠራተኛ ድኖ ይመጣል፣ ልጆቹ ጣቢያውን ያስረክባሉ፤ ልጅቷ አድማጮቿን ተሰናብታ ማይክሮፎኑን ታጠፋለች። አባቴ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ወደ ድምፁ በኩል መረቀ። "እደጊ፤ አላህ ያሳድግሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ" አለ።

ልጄ ከኋላው ነበረች። "አካኮ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ" አለች።

"አንቺንማ አውቅሻለሁ" አለ አባቴ።

ወጣች። የላስቲክ ጫማዋ ኮቴ ሲርቅ ሁለታችንም ሰማነው። አባቴ ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር፤ መሄዷን እየሰማ ጨረሰው። "አንቺን የማውቅሽን ጠዋት ማታ እመርቅሻለሁ። ይቺ የማላውቃት ልጅ ናት፤ በየሳምንቱ ቤቴ እየመጣች፣ በኔ ጥፋት በማታውቃት ልጅ አፍ እንድታወራ የተደረገች። ባዶዋን ልሸኛት?"

እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ልጥራት ብዬ ተነሳሁ። "ተያት፣ ስትመለስ እነግራታለሁ" አለኝ። ስትመለስ ግን ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ በማግስቱም ሌላ ነገር መጣ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ። ማንበቧን ሙሉ በሙሉ ያቆመችው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። በድምፅ ለሚያውቃት ሰው ዝም ያለች ልጅ ምን ማለት እንደሆነች፣ ያኔ ባሰብኩት ኖሮ እያልኩ አሁን አስባለሁ። እያለፈች እንደሆነ በእግሯ ኮቴ ያውቃል። "መጣች" ይላል፤ ስለ ጉሮሮዋ የሚናገረው ግን አልነበረውም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ቡና በሚለቀምበት ወር ታሞ ሞተ።

ልጄ ዛሬ እዚሁ ከተማ፣ ቢሮ ትሠራለች። ወረቀት የሚበዛበት፣ ንግግር የማይበዛበት ሥራ ነው። ሰው ፊት ስትናገር ቀስ ትላለች፤ የከተማችን ልጅ አትመስልም። ባለፈው ከሥራ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ሰዎች ያን ድራማ አንስተው አንዲት ሴት ስላወቀቻት እንደተሳሳቁ ነገረችኝ። "አካኮ የመረቀው ሌላዋን ነው፤ እኔን አይደለም" አለች፤ እየቀለደች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። አባቴ ያለውን፣ እሷ ከወጣች በኋላ ያለውን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በተናገረበት ቋንቋ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ነጠላዋን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

"እማ፣ አንቺ መቼም የሰው ዓረፍተ ነገር ሳታስተካክዪ አታሳልፊም" አለችኝና ግንባሬን ስማ ወደ ጓዳ ገባች።

የአባቴን ቃል ግን አላስተካከልኩትም። እንዴት ብዬ እንደማሳምናት አላውቅም።